ዘጠኝ ገጽ ኖት፣ መልሱ ግን የለበትም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የሚነበቡ አጫጭር ልቦለዶችን እያነበቡ እንዴት ማስታወሻ መያዝ ይቻላል? የመጡልንም ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ነው፤ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከገላን። ስማችን አይውጣ ስላሉን በሰፈራቸው ጠርተናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የእንግሊዝኛ መምህራችን የጊ ደ ሞፓሳንን “ዘ ኔክሌስ” አስነብበውን ዘጠኝ ገጽ ኖት ያዝኩ። ፈተናው ላይ “ባልየው ለጠመንጃ ያጠራቀመው ገንዘብ ስለ እሱ ምን ይነግረናል?” የሚል መጣ። ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ፣ መልሱ ግን ጠፋብኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሦስት ገጽ ብቻ ይዛ ከእኔ በለጠች። ምን መያዝ ነበረብኝ? (ኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ዘጠኝ ገጽ ሙሉ የያዝሽው ታሪኩን ነው። ታሪኩ ሃንድአውቱ (መምህርሽ ያደሉት ወረቀት) ላይ ስላለ ደብተርሽ ላይ እንደገና መስፈር አያስፈልገውም። ደብተርሽ ላይ መኖር ያለበት ሃንድአውቱ ላይ የማይገኘው ነው፤ የትኛው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚያረጋግጥ። ጥሩ ፈታኝ “ከዚያስ ምን ሆነ?” ብሎ ብዙ አይጠይቅም። “ለምን? ከምን አወቅሽ?” ነው የሚለው።

መጀመሪያ እስክሪብቶ ሳትይዢ፣ ከአንድ መቀመጫ ሳትነሺ አንብቢው። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 እንደጻፈው አጭር ልቦለድ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ የሚነበብ ነው፤ አቋርጠው ነገ ሲመለሱበት ደራሲው ያሰበው ስሜት ይበተናል። “ዘ ኔክሌስ” በእንግሊዝኛው ከ3,000 ቃል ብዙም አይርቅም። በደቂቃ 100 ቃል የምታነቢ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃሻል። በዚህ ንባብ እስክሪብቶ ከያዝሽ፣ የትኛው ዝርዝር ኋላ እንደሚፈለግ ገና ስለማታውቂ ያገኘሽውን ሁሉ ትገለብጫለሽ። ዘጠኙ ገጽም የመጣው ከዚህ ይመስለናል።

ስትጨርሺ ወረቀቱን ዝጊና ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ ማን ምን ፈለገ፣ ምን ገጠመው፣ መጨረሻ ላይ ምን ተለወጠ። ለዚህኛው ታሪክ ይህን ያህል ይበቃል፦ “ማቲልድ ሎይዜል የባለጠጋ ኑሮ ትመኛለች። ለአንድ ምሽት ግብዣ ከጓደኛዋ የተዋሰችው ሐብል ይጠፋባታል። ከባሏ ጋር አሥር ዓመት ዕዳ ከፍለው ሲጨርሱ ሐብሉ አርቴፊሻል እንደነበር ትሰማለች።” ከዚህ የረዘመ ማጠቃለያ አያስፈልግሽም። ሦስቱን መጻፍ ካቃተሽ ግን ታሪኩ አልገባሽምና ኖቱን ትተሽ ድጋሚ አንብቢ።

ከዚያ አንቀጾቹን በእርሳስ ቁጠሪ። በሁሉም ላይ መጻፍ አይጠበቅብሽም፤ በየአምስቱ 5፣ 10፣ 15 እያልሽ ኅዳጉ ላይ ብታስቀምጪ በቂ ነው። እያንዳንዱ የንግግር መስመርም እንደ አንድ አንቀጽ ይቆጠራል። በገጽ ቁጥር አትመኪ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አሳንሶ ወይም አስፍቶ ባነሳ ቁጥር ገጹ ይቀያየራል።

እስክሪብቶ የሚነሳው በሁለተኛው ንባብ ነው። ብዙ መምህራን የሚያሳዩት ኮርኔል የሚባለውን አያያዝ ነው፤ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዋልተር ፖክ ያስፋፋው። በግራ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለጥያቄ፣ በቀኝ 15 ሴንቲ ሜትር ለማስታወሻ፣ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ለማጠቃለያ ይተዋል። ልኩ ግን የወጣው ለትልቁ የአሜሪካ ወረቀት ነው። እኛ ደብተር ላይ ሲሰመር ቀኙ ስለሚጠብ አንድ ጥቅስ አራት መስመር ይፈጃል፤ ተማሪውም ሁለት ታሪክ ከያዘ በኋላ ማስመሩን ይተወዋል። ለአጭር ልቦለድ የሚሻለው ደብተሩን ገልጦ የሚተያዩትን ሁለት ገጾች መጠቀም ነው። በግራ ገጽ የደራሲው ቃል እንዳለ፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ሳይበልጥ፣ ከነአንቀጽ ቁጥሩ ይሰፍራል። በቀኝ ገጽ፣ ልክ በትይዩው፣ “ይህ ምን ያሳያል?” ለሚለው የአንቺ መልስ ይጻፋል።

ጠመንጃውን እንውሰድ። ግራ ገጽ ላይ ባልየው 400 ፍራንክ ለጠመንጃ እንዳስቀመጠና ለሚስቱ ቀሚስ እንደሰጠ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ይገባል። ቀኝ ገጽ ላይ፦ “ለሷ ምኞት የራሱን ተወ። ሐብሉ ሲጠፋም ሌሊት በእግሩ ሊፈልግ የወጣው እሱ ነው፤ የአባቱንም ውርስ አወጣ።” የፈተናሽ መልስ ይኸው ሁለት መስመር ነበር። ሦስት ገጽ የያዘችው ልጅ ምናልባት ይህን ነው የጻፈችው።

ግራ ገጽ ላይ ምን ይገባል? የሚደጋገም ነገር፣ የሚለወጥ ነገር፣ እና በመጀመሪያ ንባብ የማይጠቅም መስሎ ያለፈ ነገር። በዚህ ታሪክ የሚደጋገመው ገንዘብ ነው። ቁጥሮቹን በአንድ መስመር ደርድሪያቸው፦ 400 ለቀሚስ፣ 40,000 ለምትኩ ሐብል የተጠየቀው፣ 36,000 የተከፈለው፣ ከዚያ ውስጥ 18,000 ውርስ፣ ቀሪው ብድር፣ 10 ዓመት፣ መጨረሻ ላይ 500። ጓደኛዋ ሐብሉ ቢበዛ 500 ፍራንክ ቢያወጣ ነው ስትል 36,000ን ለ500 አካፍይው። 72 ይመጣል። ሐብሉን ቢያንስ 72 እጥፍ ከፍለውበታል ማለት ነው። ይህን ያሰላ ተማሪ ስለ ምጸት ሲጠየቅ የሸመደደውን ትርጉም ሲፈልግ አይቆይም፤ ምጸቱን በቁጥር ይዞታል።

የማይጠቅም መስሎ የሚያልፈው ደግሞ ንግሩ ነው፤ ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁመው። ጓደኛዋ ወይዘሮ ፎረስቲዬ ሐብሉን ስትጠየቅ ሳታመነታ ትሰጣለች። በሳጥኑ ውስጥ ስሙ የተጻፈው ጌጣጌጥ ነጋዴ ሐብሉን የሸጠው እሱ አለመሆኑን፣ የሰጠው ሳጥኑን ብቻ መሆኑን ይናገራል። ሐብሉ ሲመለስላትም ሳጥኑን ከፍታ አታይም። መጨረሻውን ላወቀ አንባቢ ሦስቱም ይጮኻሉ። ሦስቱን ከነአንቀጽ ቁጥራቸው ያዢና ቀኙ ገጽ ላይ “ደራሲው አስቀድሞ ነግሮን ነበር” ብለሽ ጻፊ።

በብዙ ደብተር ላይ የምናያቸውን ስሕተቶችም እንንገርሽ። የመጀመሪያው “ማቲልድ ድሃ ነበረች” የሚለው ነው። ታሪኩ ሲጀምር የቤት ሠራተኛ አለቻት፤ ባሏም የትምህርት ሚኒስቴር ጸሐፊ ነው። ድህነት የሚመጣው ከሐብሉ በኋላ ነው፤ ሠራተኛዋ ትሰናበታለች፣ ቤት ቀይረው ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ይከራያሉ። “በፊት” እና “በኋላ” ብሎ ያልለየ ኖት ይህን ልዩነት ስለሚውጠው ድርሰቱ በሙሉ ይጣመማል። ሌላው ጭብጥን በአንድ ቃል መጻፍ ነው፤ “ጭብጥ፦ ስግብግብነት” ብሎ ማለፍ። ይህ ርዕሰ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ጭብጥ ግን ግሥ ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል፦ “ያለውን ኑሮ የናቀ ሰው የናቀውንም ያጣል” እንደማለት። መምህርሽ ሊከራከሩሽ ይችላሉ። ይከራከሩሽ፤ በአንድ ቃል ላይ ግን ክርክርም የለም፣ ማርክም የለም።

መምህርሽ የሴራ ፒራሚድ (ታሪኩ ወደ ጡዘቱ፣ ማለትም ወደ ከፍተኛው ነጥብ፣ ሲወጣና ከዚያ ሲወርድ የሚያሳይ) ሥዕል አስለውሽ ከሆነ ብዙ አትጨነቂበት። ጀርመናዊው ደራሲ ጉስታፍ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 ያወጣው ለባለ አምስት ገቢር ድራማ ነው፤ አጭር ልቦለድ ሁልጊዜ ልክ አይገባበትም። የ“ዘ ኔክሌስ” ጡዘት ሐብሉ የጠፋበት ነው ወይስ የመጨረሻው ንግግር? ሁለቱንም በማስረጃ መከላከል ይቻላል። አንዱን ምረጪና ለምን እንደመረጥሽ ጻፊ።

ይህ ሁሉ ከአራት ገጽ አይበልጥም። ከበለጠ እየገለበጥሽ ነው።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ አላውቅም። የማላውቀውን ሁሉ በስልኬ ዲክሽነሪ እያየሁ ትርጉሙን ከቃሉ በላይ እጽፋለሁ። አንድ ታሪክ ሁለት ማታ ይፈጅብኛል፤ ስጨርስም መጀመሪያው ተረስቶኛል። ደግሞስ ኖቱን በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ የምይዘው? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቡራዩ)

መልስ፦ ከላይ የምትጽፈው ትርጉም ራሱ ነው የሚያስረሳህ። በድጋሚ ስታነብ ዓይንህ አማርኛውን ይዞ እንግሊዝኛውን ይዘለዋል። በመጀመሪያው ንባብ የማታውቀውን ቃል በእርሳስ ከሥሩ አስምረህ እለፍ። ስትጨርስ ያሰመርክባቸውን ቁጠራቸው። አርባ ቢሆኑ አርባውንም አትፈልግ፤ ከ10 እስከ 12 ምረጥ። ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የመጣ ቃል፣ የገፀ ባሕርይ ጠባይ የሚገልጽ ቃል፣ እና ካላወቅኸው ድርጊቱ የሚጠፋብህ ቃል ይመረጣሉ። የድሮ ፈረንሳይ የቤት ዕቃና የጨርቅ ዓይነት ስሞችን ግን ልቀቃቸው፤ “የባለጠጋ ቤት ዕቃ ነው” ብለህ ብታልፍ የሚጎድልብህ የለም።

የመረጥከውን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ያዘው። በአንዳንድ የ“ዘ ኔክሌስ” የእንግሊዝኛ ትርጉሞች መጨረሻው ላይ ሐብሉ “ፔስት” ነበር ይላል። ስልክህ መጀመሪያ የሚያወጣልህ ሙጫ ወይም ሊጥ የሚለውን ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ላይ ካቆምክ የታሪኩ ቁልፍ አመለጠህ። እዚህ ቦታ ቃሉ የሚለው አልማዝ የሚመስል የመስታወት ጌጥ ነው። ዲክሽነሪው ቁጥር 1 ብሎ ያስቀመጠውን ሳትቀበል፣ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር የሚሄደውን እስክታገኝ ወደ ታች ውረድ። ሞፓሳን ይህን ታሪክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1884 በፈረንሳይኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሞቹ ብዙ ናቸው፤ ሌላው ትርጉም በዚያው ቦታ “ኢሚቴሽን” ሊል ይችላል። ያንተና የጓደኛህ ጥቅስ ቢለያይ አንዳችሁ ተሳስታችኋል ማለት አይደለም። የተርጓሚው ስም ወረቀቱ ላይ ካለ ኖትህ ራስጌ ላይ አስፍረው።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ጥቅሱ እንደተጻፈው በእንግሊዝኛ ይሁን። ቀኝ ገጽ ላይ ያለውን ሐሳብ በሚቀልህ ያዝ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ። ሐሳቡ በእንግሊዝኛ ካልመጣልኝ ብሎ ገጹን ባዶ የሚተው ተማሪ ብዙ ነው፤ እሱ ነው የሚጎዳው። ታሪኩን ስትጨርስ ከሐሳቦችህ ሦስቱን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ መልሳቸው፣ ድርሰቱ የሚጻፈው በእሱ ነውና። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርካቸውን ስያሜዎች ደግሞ በደብተሩ የኋላ ሽፋን ላይ ከነአቻቸው ደርድር፦ ሴራ ፕሎት፣ መቼት ሴቲንግ፣ ጭብጥ ቲም፣ አንጻር ፖይንት ኦቭ ቪው፣ ንግር ፎርሻዶዊንግ፣ ምልሰት ፍላሽባክ፣ ምጸት አይረኒ። አማርኛ ላይ ያወቅኸውን እንግሊዝኛ ላይ እንደ አዲስ አትማረውም።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። መምህሩ አንድ ፎቶ ኮፒ ለአራት ልጅ ሰጥተው በማግሥቱ ይመለስ ይላሉ። የሷ ተራ ሲደርስ ማታ መብራት ይጠፋል። ልጆቹ ተማክረው ታሪኩን ለአራት ተካፍለው ኖት ያዙ፣ ውጤታቸው ግን አላማረም። እኔ እንግሊዝኛ ብዙም አልችልም፤ በምን ልርዳት? (እናት፣ ሰበታ)

መልስ፦ ልጆቹን የጎዳቸው አከፋፈላቸው ነው እናታችን። የአጭር ልቦለድ መጀመሪያ የሚፈታው በመጨረሻው ነው። የመጀመሪያውን ሩብ የያዘችው ልጅ መጨረሻውን ስላላየች ከሩቧ ውስጥ የቱ ቁም ነገር እንደሆነ ማወቂያ የላትም። አራቱም ሙሉውን ያንብቡ፤ የሚካፈሉት የሚከታተሉትን ነገር ይሁን። አንዷ ጊዜና ቦታን፣ አንዷ ገንዘብና ዕቃን፣ አንዷ ሰዎቹ የሚናገሩትንና የሚያደርጉትን፣ አራተኛዋ ተራኪውን፤ ማን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚደብቅ።

ገንዘብና ዕቃ የደረሳት ልጅ ሥራ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ቁልፉን የምታገኘው እሷ ናት። ኦ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1905 ያወጣውን “ዘ ጊፍት ኦቭ ዘ ማጃይ”ን ብናይ ዴላ በእጇ ያለው 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ነው። ፀጉሯን በ20 ዶላር ትሸጣለች፣ ለባሏ ለጂም ሰዓት ሰንሰለት በ21 ዶላር ትገዛለች፣ 87 ሳንቲም ይተርፋታል። ሒሳቡ ቁጭ ይላል። ዕቃዎቹን ደግሞ ጎን ለጎን ስታስቀምጥ እሷ ለሰዓቱ ሰንሰለት ስትገዛ ጂም ሰዓቱን ሸጧል፤ ጂም ለፀጉሯ ማበጠሪያ ሲገዛ እሷ ፀጉሯን ሸጣለች። ታሪኩ በአራት መስመር ሰንጠረዥ ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አራቱ ትምህርት ቤት ተቀምጠው በ20 ደቂቃ ያገኙትን ይለዋወጡ።

ወረቀቱ የሚመለስ ስለሆነ ማስመር አይቻልም። ስማርት ስልክ ካለ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ የእጅ ጥላ ሳያርፍበት አንድ በአንድ ታንሳው። ከመመለሷ በፊትም የእያንዳንዱን ገጽ የመጨረሻ መስመር አጉልታ ትይ፤ የሚደበዝዘው ሁሌም ዳርና ግርጌው ነው። ስልክ ከሌለ የመጀመሪያውን አንቀጽ፣ የመጨረሻውን አንቀጽና በመሀል ያሉ ስድስት ዓረፍተ ነገሮችን በእጇ ትገልብጥ። እዚህ ላይ መገልበጥ ተገቢ ነው፣ ነገ ወረቀቱ የለምና።

መብራቱን በተመለከተ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉላት። ወረቀት የሚፈልገው ንባብ ከመምሸቱ በፊት ይለቅ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ወረቀቱን ስለማይፈልግ በሻማም ይሆናል። የእርስዎ ድርሻ እዚህ ጋ ነው፦ “ታሪኩን በአማርኛ ንገሪኝ” ይበሏት። በየመሀሉ “ለምን እንዲህ አደረገ?” ብለው ይጠይቁ። “እንጃ” ያለችበት ቦታ ነገ ጠዋት ወረቀቱን ከመመለሷ በፊት የምታየው ቦታ ነው። ለዚህ እንግሊዝኛ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ቀን እሠራለሁ፣ ማታ እማራለሁ። ለጥናት የቀረኝ ጊዜ ታክሲ ውስጥ የማሳልፈው ነው። አምስት ታሪኮች ለፈተና ገብተዋል፤ ኖቴን ደጋግሜ ባነብም እርስ በርስ ይምታቱብኛል። (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ለገጣፎ)

መልስ፦ ደጋግሞ ማንበብ የለመዱትን ገጽ ያወቁት ያስመስላል። መፈተሻው መሸፈን ነው። ግራውን ገጽ ብቻ እያዩ ቀኙ ላይ ምን እንደጻፉ በቃልዎ ይበሉ፣ ከዚያ ገልጠው ያረጋግጡ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ከተማርነው ብዙውን የምንረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክለሳ ከክፍል ሲወጡ በዚያው ማታ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለተኛው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ሦስተኛው በሳምንቱ። የፈተናው ዋዜማ አራተኛው እንጂ የመጀመሪያው አይሁን።

ታክሲ ውስጥ ደብተር መዘርጋት አይመችም። አንድ የደብተር ቅጠል ለአራት ቀደው ካርድ ያድርጉት። በፊቱ አንድ ጥቅስ ያለ ስም፣ በጀርባው የታሪኩ ርዕስ፣ የተናገረው ሰውና የሚያሳየው ነገር። ለአንድ ታሪክ አራት ካርድ፣ ለአምስቱ ሃያ። ዋናው ነገር ማደባለቁ ነው። አንዱን ታሪክ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ሲያጠኑ ይቀላል፤ ፈተናው ግን አደባልቆ ስለሚመጣ መምታታቱ የሚጠራው ካርዱም ሲደባለቅ ነው።

ቤት ሲገቡ አንድ ተጨማሪ ገጽ ይሥሩ፤ አምስቱን ታሪክ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ደግሞ ተራኪው ማን ነው፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን ነገረን፣ የመጨረሻው ምን ገለበጠ። ኬት ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1894 ያወጣችው “ዘ ስቶሪ ኦቭ አን አወር” ከአምስቱ አንዱ ከሆነ በዚህ ሰንጠረዥ ወለል ብሎ ይታያል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወይዘሮ ማላርድ የልብ ሕመምተኛ መሆኗን ይነግረናል፤ የመጨረሻው ሐኪሞቹ ስለ አሟሟቷ የተናገሩትን። ሐኪሞቹ ገደላት ያሉት፣ ሞተ የተባለው ባሏ በሕይወት ሲመጣ የተሰማት ደስታ ነው፤ አንባቢው በተከፈተው መስኮት አጠገብ ያየው ደስታ ግን ነፃ ወጣሁ ያለችበት ነው። “ዘ ኔክሌስ”ም የሚገለበጠው በመጨረሻው ንግግር ነው፤ ልዩነቱ ማቲልድ እውነቱን መስማቷ፣ የማላርድን እውነት ግን በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ማንም አለማወቁ ነው። “አወዳድር” የሚል ጥያቄ ከመጣ መነሻዎን አገኙ።

ጥያቄ፦ በታሪኩ ውስጥ “እኔ” እያለ የሚተርከው ደራሲው ነው አይደል? ኖቴ ላይ “ፖ ሽማግሌውን ገደለ” ብዬ ጽፌ መምህሬ በቀይ አሰመረበት። (የካ አባዶ)

መልስ፦ አይደለም። ፖ እ.ኤ.አ. በ1843 ባወጣው “ዘ ቴል ቴል ሃርት” ሽማግሌውን የገደለው ስሙ ያልተነገረ ተራኪ ነው፤ ፖ የፈጠረው ሰው። ኖትህ ላይ ሁልጊዜ “ተራኪው” በል። ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ግራውን ገጽ ለሁለት ክፈለው፤ “የሚለው” እና “የሚያደርገው”። ተራኪው አላበድኩም ይላል፤ ማስረጃው ደግሞ ግድያውን በጥንቃቄ ማቀዱ ነው። የሞተ ሰው ልብ ከወለሉ ሥር ሲመታ እሰማለሁ ብሎ ራሱን ለፖሊስ የሚያጋልጠውም እሱው ነው። ሁለቱ ዓምዶች ካልገጠሙ የማይታመን ተራኪ አገኘህ፤ ያልገጠሙባቸውን አንቀጾች ቁጥር ያዝ።

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለኝ። ኖት ያዙ ስላቸው ከቴሌግራም ወይም ከቻትጂፒቲ የተገለበጠ ማጠቃለያ ያመጣሉ። ሁሉንም ደብተር ማረም አልችልም። (ገላን)

መልስ፦ ማጠቃለያን ኖት ብለው ማርክ አይስጡ፤ የሚገለበጠው ማርክ ስላለው ነው። የአንቀጽ ቁጥር ያለው ማስረጃ ይጠይቁ፤ እርስዎ ያደሉት ወረቀት አንቀጽ አቆጣጠር ከሌላ ቦታ የመጣ ማጠቃለያ ውስጥ አይገኝም። ከ10 ቢያርሙ 3 ለሦስቱ ዓረፍተ ነገር፣ 4 ለአራት ጥቅስ ከነቁጥሩ፣ 3 ለቀኙ ገጽ ሐሳብ። ደብተር አይሰብስቡ። በየክፍለ ጊዜው የ12 ተማሪ ደብተር በዕጣ ቢያዩ በአምስት ክፍለ ጊዜ 60ው ያልቃል፤ ዕጣው መቼ እንደሚደርሰው የማያውቅ ተማሪም ሁሉንም ቀን ይይዛል። ደብተሩን ሲያዩ አንዱን ጥቅስ ጠቁመው “ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነበር?” ይበሉት። ያነበበው ልጅ ወዲያው ይመልሳል። ሐሳቡ የተሳሳተ ቢሆንም የራሱ ከሆነ ማርኩን ይስጡት፤ ስሕተቱን ክፍል ውስጥ ተወያዩበት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ደካማ ሐሳብ ያዩበታል፣ እሱን ይታገሡት።

ጥያቄ፦ ስንት ቀለም እስክሪብቶ ያስፈልጋል? ሃይላይተርስ? (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ሁለት ይበቃል፤ ጥቁር ለደራሲው ቃል፣ ሰማያዊ ላንቺ ሐሳብ። ድርሰት ስትጽፊ የሰውን ቃል ከራስሽ ለይተሽ በትእምርተ ጥቅስ ለማስገባት ይረዳሻል። ወረቀቱ ላይ ግን እርሳስ ብቻ ተጠቀሚ። ሃይላይተር አይጠፋም፤ በመጀመሪያው ንባብ ያቀለምሽው በሁለተኛው ተራ ነገር ሆኖ ሲገኝ ወረቀቱ ቢጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል።